ከጊዜያዊ ወደ ዘወትራዊ አራት ጎማ፤ ስለ ትራንስፈር ኬዝ መለወጥ
ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር




እንድናገርበት የተመደበልኝ ርእስ ላይ ላዩን ሲያዩት የጋራዥ ጨዋታ ይመስላል። ጥያቄው፣ አንድን ፎር ዊል መኪና ትራንስፈር ኬዙን አውርዶ በምትኩ ሌላ በመግጠም፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ሳይቀር ዘወትር በአራቱም ጎማ የሚሄድ መኪና ማድረግ ይቻላል ወይ የሚል ነው። ይቻላል። በአሜሪካ ብዙ የጂፕና የፎርድ ባለንብረቶች በገዛ ደጃፋቸው ክሪክና መፍቻ ይዘው ሠርተውታል። ለእኛ ለመሐንዲሶች የሚቀረው ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብዳል። በየትኛው መኪና ላይ ቢሠራ ያዋጣል? ሲሠራ ምን ይገኛል፣ ምንስ ይታጣል? መኪናው ከጋራዥ ወጥቶ በሌላ ሹፌርና በሌላ ሜካኒክ እጅ ሲገባስ ምን ዐይነት አደጋ ይዞ ይሄዳል? የማተኩረው በእነዚህ ላይ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። ትራንስፈር ኬዝ ከካምቢዮው በስተኋላ ተገጥሞ የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ዲፈረንሻል የሚያካፍለው ሣጥን ነው፤ ከእንግዲህ ማከፋፈያ እለዋለሁ። አንዳንዱ ማከፋፈያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄዱትን ሁለት ዘንጎች እንደ አንድ ብረት አጥብቆ ያስራቸዋል። ይህን ሹፌሩ ሲያሻው የሚያስገባው፣ ሳያሻው የሚያወጣው ስለ ሆነ ጊዜያዊ አራት ጎማ እለዋለሁ። ሌላው ዐይነት በሁለቱ ዘንጎች መካከል ሦስተኛ ዲፈረንሻል ስላለው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅድላቸዋል፤ ይህኛው ዘወትራዊ ይሁን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ሦስተኛ ዲፈረንሻል ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ ስሌት ብናየው ይቀላል። ከ1984 እስከ 2001 ሞዴል የተሠራውን ጂፕ ቸሮኪ እንውሰድ። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 2.58 ሜትር ገደማ ነው። መኪናው በጠባብ ቦታ ሲዞር የኋላው አክስል መካከል በ6 ሜትር ሬዲየስ ክብ ይሠራል ብንል፣ የፊተኛው አክስል መካከል የሚሠራው ክብ ሬዲየስ በፓይታጎራስ ሕግ 6.53 ሜትር ይሆናል። አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ኋላው 37.7 ሜትር ሲጓዝ ፊተኛው 41 ሜትር ይጓዛል። የ3.3 ሜትሩ ልዩነት ለዚህ መኪና ጎማ አንድ ተኩል ዙር ያህል ነው። የዲፈረንሻሉ ጥርስ ምጣኔ 3.55 ከሆነ ደግሞ የፊተኛው የጉልበት ዘንግ ከኋላው ይልቅ ከ5 ዙር በላይ አብልጦ መዞር አለበት ማለት ነው። ሁለቱ ዘንጎች በጊዜያዊ ማከፋፈያ ውስጥ እንደ አንድ ብረት ታስረው ሳለ እነዚህ 5 ዙሮች ከየት ይመጣሉ? ጭቃ ላይ ከጎማው መንሸራተት ይመጣሉ፤ ማንም አያስተውለውም። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጎማው መንሸራተት ስለማይፈልግ ዘንጎቹ ይጠመዘዛሉ፣ ክሮቼራዎቹ ይጨነቃሉ፣ የማከፋፈያው ሰንሰለት ይወጠራል፣ መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይጮኻል። ሹፌሩ ፎር ዊሉን ላውጣ ሲል ዘንጉ ይዞት እምቢ ይለዋል። በዚህ ጊዜ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ቢነዳ ውጥረቱ ይፈታለታል፤ ይህን ነባር ሹፌሮች ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል።

ይህ ጉዳይ እኛን የሚነካን መንገዳችን ስለ ተለወጠ ነው። በመስክ ሥራ ላይ በብዛት የምናያቸው ሰባ ሲሪዝ ላንድ ክሩዘሮችና መሰሎቻቸው በጊዜያዊ ሥርዐት የተሠሩ ናቸው። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ኮረትና ጭቃ በነበረበት ዘመን ሹፌሩ ፎር ዊሉን አስገብቶ ቢረሳው የከፋ ጉዳት አልነበረም። ዛሬ ግን በአንድ ቀን ጉዞ አስፋልቱ፣ ኮረቱና ጭቃው ይፈራረቃሉ፤ በክረምት ደግሞ አስፋልቱ ራሱ ግማሹ ርጥብ፣ ግማሹ ደረቅ ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ዝናብ ቢጥል፣ ፎር ዊል አስገባለሁ ብሎ እጁን ወደ ማርሹ የሚሰድ ሹፌር ጥቂት አይደለም። ያሰበው መኪናው ይይዝልኛል ብሎ ነው። የሚያገኘው ግን በኩርባው ላይ መሪውን አልታዘዝ ብሎ ወደ ውጭ የሚገፋ መኪና ነው። ለቁልቁለቱም ቢሆን ያተረፈው ነገር የለም፤ ፍሬን በማናቸውም መኪና ላይ ድሮውንም በአራቱም ጎማ ነውና። አራት ጎማ መጎተቻ ነው፤ ማቆሚያ አይደለም።

ዘወትራዊውን ሥርዐት ለመስክ መኪና በማዋል ረገድ ስሙ አስቀድሞ የሚጠራው በ1970 የወጣው ሬንጅ ሮቨር ነው፤ የመካከል ዲፈረንሻል ነበረው፤ እርሱም ሲያስፈልግ ይቆለፋል። ጂፕ በ1973 ኳድራ ትራክ የተባለውን ሥርዐት አመጣ። ኦዲ ኳትሮ በ1980 ሲወጣ ነገሩ ከጭቃ መኪና ወደ ቤት መኪና ተሻገረ። ላንድ ሮቨርም በ1983 ባወጣው ዋን ቴን በተባለው መኪናው ዘወትራዊውን ሥርዐት ያዘ። ታሪኩ ረጅም ስለ ሆነ በዚህ ልለፈው።

ወደ ቸሮኪው ልመለስ፤ ከማውቃቸው ሁሉ ለዚህ ሥራ እጅግ የሚመቸው ምሳሌ እርሱ ነውና። ፋብሪካው ይህን መኪና በሁለት ዐይነት ማከፋፈያ ይሸጠው ነበር። አንዱ ኮማንድ ትራክ የሚባለው ሲሆን ሣጥኑ ኤንፒ 231 ነው፤ ጊዜያዊ ነው። ሁለተኛው ሴሌክ ትራክ የሚባለው ሲሆን ከ1987 ሞዴል ጀምሮ ሣጥኑ ኤንፒ 242 ነው። ሁለቱም የኒው ፕሮሰስ ጊር ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም ሰውነታቸው አሉሚንየም፣ የፊቱን ዘንግ የሚያዞሩት በሰንሰለት ነው፤ ሎው የሚባለው ዝቅተኛ ማርሻቸውም በሁለቱም 2.72 ለ1 ነው። ልዩነቱ በ242 ውስጥ በፕላኔተሪ ጥርስ የተሠራ የመካከል ዲፈረንሻል መኖሩ ነው። ሹፌሩ ማርሹን በአምስት ቦታ ማስቀመጥ ይችላል፤ በኋላ ጎማ ብቻ፣ በተቆለፈ አራት ጎማ፣ በዘወትራዊ አራት ጎማ፣ በገለልተኛ፣ በመጨረሻም በሎው። ስለዚህ 231ን አውጥቶ 242ን የሚያስገባ ሰው ከነበረው አንዳች አያጣም፤ አንድ ቦታ ይጨመርለታል እንጂ።

የመካከል ዲፈረንሻል ነፃ ከሆነ አንድ ጠባይ እንዳለው ግን አንርሳ። ለሁለቱ ወገኖች ጉልበት የሚሰጠው በተወሰነ ድርሻ ነው፤ በ242 ይህ ድርሻ ለግማሽ የቀረበ ነው። አንደኛው ወገን መያዣ አጥቶ በባዶ ሲሽከረከር ሌላው ወገን የሚያገኘው ጉልበትም እዚያው ድረስ ያንሳል። አራት ጎማ ያለው መኪና በአንድ ጎማ መሽከርከር ምክንያት ባለበት ሊቆም ይችላል ማለት ነው። መቆለፊያው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ 242 መቆለፊያ ያለው መሆኑ ከሌሎች የሚያስመርጠው ዋና ምክንያት ነው።

ሥራውን በአጭሩ ብገልጸው፤ መኪናው በጽኑ መደገፊያ ላይ ይነሣል፣ ዘይቱ ይፈሳል፣ ሁለቱ የጉልበት ዘንጎች አቀማመጣቸው ምልክት ተደርጎበት ይፈታሉ፣ ካምቢዮው በክሪክ ተደግፎ ተሸካሚው መስቀለኛ ብረት ይወርዳል፣ የማርሹ መጎተቻ፣ የፍጥነት መቁጠሪያው ገመድና ሽቦዎቹ ይላቀቃሉ፤ ከዚያም ማከፋፈያውን ከካምቢዮው ጋር የያዙት ዳዶዎች ተፈትተው ሣጥኑ ወደ ኋላ ይሳባል። አዲሱ በተቃራኒው መንገድ ይገባል። ሣጥኑ የሚሞላው በአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፤ የዲፈረንሻል ወፍራም ዘይት የሚጨምርበት ሰው ሰንሰለቱንና ኩሽኔታዎቹን ይበድላል። ሁለት የለመዱ ሜካኒኮች በአንድ ቀን ይጨርሱታል።

ሥራው ሳይጀመር መለካት ያለባቸው ነገሮች ግን አሉ። ከካምቢዮው ወጥቶ ወደ ማከፋፈያው የሚገባው ዘንግ እንደ ዘመኑ 21 ወይም 23 ጥርስ አለው፤ ሁለቱ አይገጣጠሙም። የተገዛው አሮጌ 242 ከየትኛው ዓመትና ከየትኛው ካምቢዮ እንደ ወረደ ሳይታወቅ መግዛት ገንዘብን መጣል ነው። የፍጥነት መቁጠሪያው ትንሽ ጥርስ ከዲፈረንሻሉ ምጣኔና ከጎማው መጠን ጋር የተመረጠ ስለ ሆነ ከአሮጌው ሣጥን ወደ አዲሱ መዛወር አለበት፤ አለዚያ መቁጠሪያው ይዋሻል። የጉልበት ዘንጎቹ ርዝመት ሣጥኑ ከገባ በኋላ መኪናው በጎማው ቆሞ ሊለካ ይገባዋል። የማርሹ ጠፍጣፋ መምሪያም መለወጥ አለበት፤ የ231 መምሪያ ለአምስተኛው ቦታ ቀዳዳ የለውምና ሹፌሩ ማርሹ የት እንዳለ በእርግጥ አያውቅም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከሣጥኑ ውጭ ያለ ነገር ነው። ቀደም ባሉት ቸሮኪዎች የፊተኛው አክስል በአንድ በኩል ያለው ግማሽ ዘንግ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን የሚያገናኘውና የሚለያየው በአየር ስበት የሚሠራ መሣሪያ ነው። በጊዜያዊው ሥርዐት መሣሪያው ሳይገናኝ ቢቀር መኪናው በኋላ ጎማ ብቻ መሄዱን ይቀጥላል፤ ሹፌሩም ላያውቀው ይችላል። በዘወትራዊው ላይ ግን ነፃ ዲፈረንሻል ጉልበቱን ሁሉ ወደሚቀለው ወገን ስለሚለቀው ያልተገናኘው የፊት ዘንግ በባዶ ይሽከረከራል፤ መኪናው ከቆመበት አይነቃነቅም። በብዙዎቹ የመስክ መኪኖቻችን ላይ ያለው በእጅ የሚከፈትና የሚቆለፍ የፊት ጎማ ሎክም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ዘወትራዊ ማከፋፈያ ተገጥሞለት ሎኩ እንዳለ የቀረ አንድ የመስክ መኪና ሎኩ ተከፍቶ ሳለ ሞተሩ እየጮኸ ቆሞ ሲቀር አይቻለሁ። ሦስት ሰዎች ካምቢዮው ተሰብሯል ብለው ሊያወርዱት ተነሥተው ነበር። የተሰበረ ነገር አልነበረም፤ ሎኩ ሲዘጋ መኪናው ሄደ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ለውጥ የሚሠራ ሰው የፊቱን መለያያ መሣሪያ አስወግዶ በአንድ ወጥ ዘንግ ሊተካው፣ ሎክም ከሆነ በቋሚ ፍላንጅ ሊለውጠው ይገባዋል። የማከፋፈያ ለውጥ ሳይታሰብ የአክስል ለውጥ ይሆናል ማለት ነው፤ ወጪውም እንደዚያው።

ሁሉም ለውጥ እንደ ቸሮኪው ያለ ትርፍ ብቻ አይደለም። ፎርድ ኤክስፕሎረርን ብንወስድ ከ1995 ሞዴል ጀምሮ ቦርግ ዋርነር 4405 የተባለ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠራ ማከፋፈያ ነበረው፤ ሎውም ነበረው። ከ1996 እስከ 2001 ሞዴል ባለ 5 ሊትር ሞተሮቹ ደግሞ ዘወትራዊ የሆነው 4404 ይገጠምላቸው ነበር። ይህ ሣጥን ማርሽ የለውም፣ ሎው የለውም፣ ሹፌሩ የሚነካው አንዳች ቁልፍ የለውም። የኤሌክትሪኩ ሣጥን ሲበላሽባቸው 4404ን የሚያስገቡ ባለንብረቶች በበረዶ አገር የሚኖሩና ዳገት የማይወጡ ከሆነ ደስ ይላቸዋል፤ የሚበላሽ ሽቦ ቀረላቸው። ለእኛ ዳገትና ወንዝ ግን ሎው የሌለው መኪና የመስክ መኪና ነው ለማለት ይቸግረኛል። ሣጥኑ ርካሽ ነው ተብሎ እንዲህ ያለ ለውጥ እንዲደረግ ሐሳብ ቢቀርብልኝ አልፈርምበትም።

በ4404 ውስጥ ሁለቱን ወገኖች የሚያስማማው ቪስከስ ካፕሊንግ የሚባለው ነው። ብዙ ቀጫጭን ሳሕኖች አንዱ ከፊቱ፣ አንዱ ከኋላው ዘንግ ጋር እየተያያዙ በወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ወገን ፈጥኖ ሲዞር ፈሳሹ ይሞቅና ሌላውን ይዞ ይጎትታል። ብልሃቱ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ታሽጎ የተሠራ ስለ ሆነ አይጠገንም፤ ሲያረጅ ወይ መያዝ ይተዋል፣ ወይ ጨርሶ ተጣብቆ ዘወትራዊውን መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ እንደ ተቆለፈ ጊዜያዊ ያደርገዋል። በ1990ዎቹ በግራንድ ቸሮኪ ላይ ይገጠም የነበረው ኤንፒ 249 በዚህ ይታማል፤ ብዙ ባለንብረቶችም እርሱን አውጥተው ያንኑ 242 አስገብተዋል።

እዚህ ላይ የጎማ ነገር ይነሣል። የፊትና የኋላ ጎማዎች ዙሪያ በአንድ በመቶ ብቻ ቢለያይ በ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ የ1 ኪሎ ሜትር ልዩነት ይፈጠራል። ነፃው ዲፈረንሻል ይህን ዝም ብሎ ይችለዋል፤ የቪስከሱ ሣጥን ግን ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ይውላል። ሁለት አዲስ ጎማ ከፊት፣ ሁለት ያለቀ ከኋላ መግጠም በእኛ ዘንድ የተለመደ ቁጠባ ነው። በዘወትራዊ መኪና ላይ ግን በጎማ የተቆጠበው ገንዘብ በማከፋፈያ ይከፈላል። የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል ጥርስ ምጣኔም ያለ አንዳች ልዩነት እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ተሰብሮ በተገኘው ከተተካ መኪና ሲገዛ መጀመሪያ የሚቆጠረው ይህ ይሁን።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበኝ ነገር እደርሳለሁ። የተለወጠ መኪና በውጭ ገጽታው አይታወቅም። ተጎታች መኪና የሚጠራለት ሹፌር የፊቱን ጎማ አንሥቶ ኋላውን መሬት ላይ አድርጎ እንደ ልማዱ ይጎትተዋል፤ 4404 የገባበት ከሆነ ገለልተኛ ቦታ ስለሌለው ማከፋፈያው በጉዞ ላይ ይቃጠላል። እንዲህ ያለው መኪና በሙሉ ተጭኖ ነው መሄድ ያለበት። የዓመት ምርመራ የሚያደርግ ባለሙያም አንዱን አክስል በሚሽከረከር የፍሬን መፈተሻ ላይ አቁሞ ሲለካ፣ ውስጡ ቪስከስ ያለበትን ወይም የተቆለፈውን መኪና ሌላኛው አክስል ከመፈተሻው ገፍቶ ሊያስወጣው ይችላል። አንድ ሜካኒክ የኋላውን አንድ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሥቶ ሞተሩን አስነሥቶ ማርሽ ቢያስገባ፣ ቀድሞ በሚያውቀው ጊዜያዊ መኪና ላይ የተነሣው ጎማ ብቻ በአየር ላይ ይዞር ነበር፤ አሁን ግን መሬት የያዙት የፊት ጎማዎች መኪናውን ከክሪኩ ላይ ሊጥሉት ይችላሉ። ከሥሩ ሰው ቢኖርስ? በላንድ ሮቨር ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማን ሳይሆን ከማከፋፈያው የሚወጣውን የኋላ ዘንግ ነው። የመካከል ዲፈረንሻሉ ሳይቆለፍ አንድ የኋላ ጎማ የተነሣ እንደ ሆነ ፍሬኑ መኪናውን እንደማይይዘው በዚያ መኪና የሠራ ሁሉ ያውቃል።

ስለዚህ ለውጡ ሲደረግ ማከፋፈያው ምን ዐይነት እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚጎተትና እንዴት እንደሚነሣ የሚናገር የብረት ሰሌዳ በሹፌሩ ፊት በሪቬት እንዲመታ፣ በመኪናው መዝገብም ከተሠራበት ቀንና ከሠራው ሰው ስም ጋር እንዲጻፍ አሳስባለሁ። ይህ የወረቀት ሥራ ለአንዳንዶቻችሁ የማይረባ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ከሣጥኑ ሥራ ሁሉ ርካሹ ነው፤ ሲቀር የሚጎዳው ግን ሣጥኑን የገጠመው ሰው አይደለም።

የመጨረሻው ጥያቄ የትኛው መኪና ለዚህ ሥራ ይሆናል የሚለው ነው። እኔ የምከተለው መመዘኛ አንድ ብቻ ነው፤ ፋብሪካው ያንኑ መኪና፣ በያው ካምቢዮ፣ በሁለቱም ዐይነት ሠርቶት ያውቃል ወይ? ሠርቶት ከሆነ ዘንጉ፣ መሸከሚያው፣ ክሮቼራው፣ አክስሉ በሙሉ በፋብሪካው መሐንዲሶች ተሰልቶ ተፈትኗል፤ እኛ የምናደርገው አንዱን ወንድም በሌላው መተካት ነው። ቸሮኪው እንዲህ ነው። በ1990 የወጣው ሰማንያ ሲሪዝ ላንድ ክሩዘርም እንዲሁ ነው፤ ለአንዳንድ አገር በጊዜያዊ፣ ለአንዳንዱ በዘወትራዊ ሥርዐት ተሸጧል። ጊዜያዊው ከፊት ሎክ አለው፣ ዘወትራዊው ቋሚ ፍላንጅ አለው፤ ከሣጥኑ ጋር ፍላንጁን የሚያስከትል ሰው የተሟላ ሥራ ሠርቷል። የሚገርመው በአውስትራሊያ ብዙዎች ተቃራኒውን ማድረጋቸው ነው፤ ዘወትራዊውን ሰማንያ በነዳጅና በፊት አክስል ድካም ምክንያት ወደ ጊዜያዊ ይመልሱታል። አይፈረድባቸውም፤ ሁልጊዜ የሚዞር ብረት ሁልጊዜ ነዳጅ ይበላል፣ ሁልጊዜም ያልቃል።

ለሥራ የምንጠቀምባቸው ሰባዎቹ ላንድ ክሩዘሮች ግን ከፋብሪካ እንዲህ ያለ ወንድም የላቸውም። ከሌላ መኪና የወረደ ሣጥን በተበየደ ማገናኛ እናስገባላቸው የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይሰማል፤ ለእነርሱ የምመክረው ሣጥን ሳይሆን ትምህርት ነው። ሹፌሩ አስፋልት ሲጀምር ፎር ዊሉን እንዲያወጣ፣ ማርሹ እምቢ ሲለው በኃይል ከመግፋት ይልቅ ጥቂት ወደ ኋላ እንዲነዳ፣ በርጥብ ቁልቁለት ላይ ፎር ዊል ከማስገባት ፋንታ ከመውረዱ በፊት ማርሽ እንዲቀንስ፣ ከፊት ያሉትን ሎኮች መቼ እንደሚከፍትና መቼ እንደሚዘጋ ቢማር ግማሽ ቀን ይበቃል። የግማሽ ቀኑን ትምህርት ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑ አባሎች ቢኖሩ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ስማቸውን ለጸሐፊው ቢሰጡ ደስ ይለኛል።